ኢኳላይዘር ፔዳል ከመግዛታችሁ በፊት፦ ከጅማ የሰርግ መድረኮች የተማርኩት

«ጊታርህ የት አለ?»

ይህን የጠየቀችኝ ድምፃዊታችን ናት። ወሩ ጥር ነው፣ ጅማ ከተማ፣ አንድ ሰፊ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ። ሦስተኛውን ዘፈን ጨርሰን ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲነሱ ወደ እኔ ዞር አለች። ቁጣ የለባትም። የምር ግራ ገብቷት ነው። ከፊቷ ካለው ሞኒተር (ለተጫዋቾቹ የሚያሰማ ስፒከር) ኪቦርዱ ይሰማል፣ ሳክስፎኑ ይሰማል፣ ቤዙ ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። የኔ ጊታር ግን የለም። እኔ ደግሞ ጣቴ እስኪላጥ እየመታሁ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ቀን ቀን ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ባንዱ ውስጥ ለመግባት ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ። በዚያው ሳምንት ልምምድ ላይ የባንዱ ኃላፊ ለሌላ ሰው «ያለ ጊታርም እኮ ይሄዳል» ሲል ጆሮዬ ገባ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ቤት ስደርስ ግን አለቀስኩ። ይህን የምጽፈው እናንተ እዚያ ሳትደርሱ መንገዱን እንድታውቁት ነው።

ኢኳላይዘር ፔዳል የሚባል ነገር እንዳለ ቀድሞም አውቅ ነበር። ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ከጊታሩ የሚወጣውን ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ትጨምራላችሁ ወይም ትቀንሳላችሁ። ላዩ ላይ ትንንሽ ፌደሮች፣ ማለትም ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ማንሻዎች፣ ተደርድረዋል። መሃል ላይ ሲቆሙ ምንም አይለውጡም፣ ወደ ላይ ሲገፉ ያ ክፍል ይጨምራል፣ ወደ ታች ሲሳቡ ይቀንሳል። የድሮ ቴፕ ኢኳላይዘር ነካክቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

የመጀመሪያው ስህተቴ የጀመረው ከጥያቄዬ ነው። ያገኘሁትን ጊታሪስት ሁሉ «ስንት ፌደር ያለው ልግዛ?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ «ጊታሬ የማይሰማው ለምንድን ነው?» ብዬ ነው። ፌደር በበዛ ቁጥር የተሻለ መሰለኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ያገለገለ ባለ 10 ፌደር ፔዳል እንደሚሸጥ በሰው በሰው ሰማሁ። የአራት ሰርግ ክፍያዬን ያህል ጠየቀኝ። ግማሹን ከእህቴ ተበድሬ ላክሁለት። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ፔዳል ብዬ ሄጄ ልሞክረው አልቻልኩም። ዕቃው በመኪና ተልኮ መጣ። አዳፕተር ግን አልነበረውም።

ፔዳሉ ላይ 18 ቮልት ይላል። ሻጩን ደውዬ ስጠይቀው «ቮልቱ ይግጠም እንጂ ማንኛውም አዳፕተር ይሠራል» አለኝ። አመንኩት። ሄርማታ ገበያ ወርጄ ያገለገሉ ቻርጀሮችና አዳፕተሮች ከሚሸጡበት 18 ቮልት የሚል አገኘሁ። ጃኩ ልክ ነው፣ ገጠመ። ማታ ቤቴ ሰካሁት። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለችና ጠፋች። ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ቶሎ ነቀልኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያየሁት ፔዳሉን ብቻ አልነበረም፣ የእህቴን ብር ነው።

በማግስቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወደሚጠግን ሰው ወሰድኩት። እርጋታው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። አራቱን ብሎኖች ፈትቶ በትንሽ የሻይ ማንኪያ ማስቀመጫ ውስጥ አስቀመጣቸው። ማጉያ መነጽሩን አጠለቀ። ከአዳፕተሩ መሰኪያ ጎን የሩዝ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ነበረች፤ አንድ ጎኗ ላይ ነጭ መስመር አለባት። መሃሏ ተሰንጥቋል። «ይቺ ዳዮድ ናት» አለኝ። «ኤሌክትሪክ ተገልብጦ ሲመጣ ራሷን ሰውታ ሌላውን ታድናለች። ፔዳልህ ዕድለኛ ነው።» ዳዮዷን ነቅሎ በሌላ ተካት። ከዚያ የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ አንድ ክብ ሣለልኝ፤ መሃሉ ላይ ነጥብ፣ ከነጥቡ የሚወጣ መስመር፣ በመስመሩ ጫፍ የመቀነስ ምልክት።

ያን ሥዕል እባካችሁ በጭንቅላታችሁ ያዙት። የአብዛኛው ጊታር ፔዳል መሰኪያ መሃሉ ኔጋቲቭ ነው፤ የመቀነስ ምልክቱ ወደ መሃል ነጥቡ ይሄዳል። የዋይፋይ ራውተርና የብዙ ሌላ ዕቃ አዳፕተር ግን መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። ጃካቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ያለ ችግር ይገጥማሉ። አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አመሳክሩ፦ ቮልቱን፣ የምልክቱን አቅጣጫና ሚሊአምፑን (የኤሌክትሪኩን መጠን)። አዳፕተሩ የሚሰጠው ሚሊአምፕ ፔዳሉ ከሚፈልገው ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ቢያንስ ነው ችግሩ። ሁሉም ፔዳል ደግሞ ያቺ ዳዮድ የለችውም። ሳትኖር ሲቀር የሚቃጠለው ዋናው ቺፕ ነው።

ፔዳሉ ዳነ። እኔ ግን ገና አልዳንኩም። ሁለተኛው ስህተቴ ከመጀመሪያው ይብሳል።

ትክክለኛውን አዳፕተር አስመጥቼ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ትንሽዬ የመለማመጃ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) አለችኝ። ፌደሮቹን አንድ በአንድ ነካካሁ። የግራዎቹን፣ ማለትም ቤዙን፣ ወደ ላይ ገፋሁ። የቀኞቹን፣ ቀጭኑን ድምፅ፣ እንዲሁ ገፋሁ። የመሃሎቹን ወደ ታች ሳብኩ። ፌደሮቹ ፈገግ ያለ አፍ መሰሉ። ድምፁ እንዴት እንደሚያምር! ክፍሌን ሞላው። ግድግዳው ያስተጋባል። «አሁን አገኘሁት» አልኩ። አቀማመጡ እንዳይጠፋኝ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ያ ፎቶ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ፋሲካ አልፎ የሚያዝያ ሰርግ ሲጀመር ያንኑ አቀማመጥ ይዤ መድረክ ላይ ወጣሁ። ጊታሬ ከጥር ወሩ ሰርግ የባሰ ጠፋ። እንዲያውም ቤዙና ከበሮው የደፈረሰ መሰለ። ድምፃዊታችን በዚያ ቀን ምንም አልጠየቀችኝም። ዝምታዋ ከጥያቄዋ በላይ ከበደኝ።

ያዳነኝ የቤዝ ጊታር ተጫዋቻችን ነው። በዕድሜ ሁላችንንም ስለሚበልጥ ጋሼ ነው የምንለው። ሰኞ ልምምድ ላይ ቀድሞ መጥቶ ጠበቀኝ። «ፔዳልህን አምጣ» አለኝ። ፌደሮቹን አየና አንድም ነገር ሳይናገር በአውራ ጣቱ ሁሉንም መሃል ላይ መለሳቸው። «ይሄን ቤትህ ብቻህን ሆነህ ነው ያስተካከልከው፣ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት።

«ጋሼ፣ ግን እኮ ያምር ነበር» አልኩት።

«ብቻህን ስትሆን ያምራል። እዚህ ግን እኔ አለሁ። ከበሮው አለ። ወፍራሙ ቦታ የኛ ነው። አንተ እዚያ ከመጣህ ሦስታችንም እንጋፋለን እንጂ ማንም አይሰማም።»

ከዚያ ረጅሙን ገመድ ሰጠኝና ከመድረኩ አስወረደኝ። ጭፈራው የሚደራበት ቦታ ላይ አቆመኝ። ባንዱ ሙሉ ዘፈን ጀመረ። እኔ እየመታሁ፣ እሱ እየተጫወተ በጭንቅላቱ ምልክት ይሰጠኛል። አንዱ ልጅ ፔዳሉ ጎን ተንበርክኮ ፌደሮቹን ያንቀሳቅሳል። መጀመሪያ የግራዎቹ ሁለቱ እስከ ታች ወረዱ። ጊታሬ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልሰማሁም። ቤዙ ግን ጠራ። ቀጥሎ 125 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) ላይ ያለው ትንሽ ወረደ። 250ም በትንሹ። ከዚያ 1 ኪሎ ሄርዝ የሚለው ሦስት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ወደ ላይ ሄደ። ያኔ ጊታሬ ከሕዝብ መሃል ተነስቶ እንደቆመ ሰው ብቅ አለ። ቮልዩም አልጨመርንም። እንዲያውም በድምሩ ቀንሰናል። ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ድምፃዊታችን ከመድረክ ላይ አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በኋላ ጋሼ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ሄርዝ ገደማ ላይ ነው የሚጮኸው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ላይ። እንግዲህ የኔ ፔዳል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፌደሮች 31 እና 62 ሄርዝ ላይ ናቸው። እዚያ ጊታር የለም። ያለው የእጅ ንክኪ ዱብዱብታና የኤሌክትሪክ እምታ («እምምም» የሚለው ድምፅ) ነው። የኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ፣ ሁለቱን ፌደሮች ማውረድ እምታውን እንኳን ትንሽ ይቀንሰዋል። ጊታር ከባንድ ጋር ሲሆን ጆሮ የሚይዘው ሚዱን (የመሃሉን ድምፅ) ነው፣ በተለይ ከ500 እስከ 2 ሺህ ሄርዝ ያለውን አካባቢ። እኔ ደግሞ ፈገግታ ለመሥራት ብዬ የሳብኩት ያንኑ ቦታ ነበር። ጊታሬን በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት።

እና ምክሬ ይህ ነው፦ ኢኳላይዘር ብቻችሁን ሆናችሁ አታስተካክሉ። ባንዱ እየተጫወተ አስተካክሉት። ብቻውን ሲሰማ ቀጠን ያለ፣ ትንሽ የሚጎረብጥ የመሰላችሁ ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ትክክለኛው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያም አትጨምሩ፣ ቀንሱ። የሚያስቸግረውን ፈልጋችሁ አውርዱት። መጨመር ካስፈለገ ሦስት ወይም አራት ዴሲቤል ብዙ ነው። በግምት 10 ዴሲቤል ሲጨመር ለጆሯችን ድምፁ እጥፍ ሆኖ ነው የሚሰማን። ፌደሩን እስከ ጫፍ መግፋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ አስቡት።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ስለተከፈተ ሌሎች ፔዳሎችን በደንብ ማየት ጀመርኩ። ከአዲስ አበባ አብሮን ሊጫወት የመጣ አንድ ጊታሪስት ቦስ ጂኢ-7 ይዞ ነበር። ሰባት ፌደር ነው ያለው፦ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1600፣ 3200 እና 6400 ሄርዝ። እያንዳንዱ እስከ 15 ዴሲቤል ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። ጎኑ ላይ ለብቻው የቮልዩም ፌደር አለው። ይህ ፔዳል እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ እየተሠራ ነው። ለሁለት ዘፈን አዋሰኝ። ከባለ 10ሩ ይልቅ ቶሎ ተግባባን። ሁሉም ፌደር ጊታሩ ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ የማይጠቅም የለም። የኤምኤክስአር ባለ 6 ፌደሩም ከ100 እስከ 3200 ነው የሚሄደው፣ እስከ 18 ዴሲቤል። የዚያው ድርጅት ባለ 10 ፌደር ግን ከ31 ተነስቶ እስከ 16 ሺህ ሄርዝ ይደርሳል። እንደዚያ ሰፊ የሆነው ቤዝ ጊታርም ኪቦርድም ለሚያስገባበት ሰው ይመቻል። በአምፕ ለምትጫወቱት ጊታር ብቻ ከሆነ ስድስት ወይም ሰባት ይበቃችኋል። ይህ የኔ ፍርድ ነው፣ ግን በገንዘቤ የገዛሁት ፍርድ ነው።

ፓራሜትሪክ የሚባል ዓይነትም አለ። ፌደር ሳይሆን መዘውር ነው ያለው። የምትነኩትን ፍሪኩዌንሲ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ስፋቱንም ታጠባላችሁ ወይም ታሰፋላችሁ። አንዲት ኖታ ላይ ብቻ የሚጮህ ፊድባክ (የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ ሲገባ የሚፈጠር ጩኸት) ለያዘው ሰው መድኃኒት ነው። ጨለማ መድረክ ላይ ግን የት እንዳለ በዓይን አይታይም። ፌደር ያለውን ጎንበስ ብዬ በአንድ እይታ አነበዋለሁ። ለጀማሪ ፓራሜትሪክ አልመክርም። እንደ ቦስ ኢኪው-200 ያሉት ደግሞ የተለያየ አቀማመጥ በሜሞሪ ይይዛሉ፤ በአንድ ምሽት ለትዝታ አንድ ዓይነት፣ ለጭፈራ ሌላ ዓይነት ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ጅማ በየሰርጉ የጊታር አምፕ አይገኝም። ብዙ ጊዜ ጊታሩ ከፔዳል ቀጥታ ሚክሰር (የሁሉንም ድምፅ የሚያደባልቀው ማሽን) ውስጥ ይገባል። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ በራሱ ይቆርጠዋል። የአዳራሹ ትልቅ ስፒከር ግን አይቆርጥም፣ ሁሉንም ያወጣል። ስለዚህ ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል) ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ሲገባ ጣሳ ውስጥ እንደተዘጋ ንብ ይጮኻል። ሰዉ ጆሮውን ይይዛል። ያኔ ነው ያ የተማረርኩበት ባለ 10 ፌደር የካሰኝ። 8 ሺህና 16 ሺህ የሚሉትን እስከ ታች፣ 4 ሺህን እስከ ግማሽ ሳወርዳቸው ንቡ ጠፋ። የጠራ ድምፅ ሲሆን ደግሞ 4 ሺህን ወደ መሃል እመልሰዋለሁ። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ብዙ ጊዜ የምጫወተው በአምፕ ነው ወይስ ቀጥታ በሚክሰር? መልሱ ቀጥታ ከሆነ ቢያንስ 6400 ወይም 8 ሺህ ድረስ የሚደርስ ፈልጉ። 3200 ላይ የሚያበቃው አያድናችሁም።

ፔዳሉ የሚገባበት ቦታም አንድ ወር በልቶብኛል። እኔ ከጊታሩ ቀጥሎ፣ ከዲስቶርሽኑ በፊት ነበር የማስገባው። ሶሎ ሲደርስ ቮልዩሙን ከፍ አድርጌ እረግጠዋለሁ። ድምፁ ግን ከፍ አይልም፣ መፍጨቱ ብቻ ይጨምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዲስቶርሽን የገባለትን ጣራው ላይ ይቆርጠዋል፤ ብዙ ብትሰጡት የሚጨምረው መቁረጡን ነው። ከፊቱ ቤዝ ጨምራችሁ ከሰጣችሁት ደግሞ ይታፈናል። ኢኳላይዘሩን ከዲስቶርሽኑ ቀጥሎ፣ ከኮረስና ከዲሌይ (ድምፁን ከሚያባዙና ከሚያስተጋቡ ፔዳሎች) በፊት ሳደርገው ነገሩ ተስተካከለ። አምፑ ከጀርባው ሴንድና ሪተርን (ለፔዳል የተዘጋጀ መውጫና መግቢያ) ካለው እዚያ መሃል ማስገባትም ይቻላል። አሁን፣ በኋላ በገዛሁት ጂኢ-7፣ ለሶሎ ቮልዩሙን አምስት ዴሲቤል፣ 800 አካባቢ ያለውን ሁለት ዴሲቤል ጨምሬ አንድ ጊዜ እረግጣለሁ። ዘፋኟ ስትመለስ እንደገና እረግጣለሁ። ይህን መርሳት የለባችሁም፤ የሰው ድምፅም ያለው እዚያው ሚዱ ላይ ነው። እሷ እየዘፈነች እናንተ ሶሎ ድምፅ ላይ ከቆያችሁ ቃሉ አይሰማም።

ከኪቦርዲስታችን ጋርም መነጋገር ነበረብን። ግራ እጁ 200 እና 400 አካባቢ ያለውን ሁሉ ይሞላው ነበር። ፔዳል ያን አይፈታም። ልምምድ ላይ በወንድምነት ጠየቅሁት፣ ግራ እጁን አሳረፈ። ሁለታችንም ተሰማን።

ትዝታ ስንጫወት የምወዳት አቀማመጥ አለች። ጊታሩ ክራር ክራር እንዲል እፈልጋለሁ። 100 እና 200ን አራት ዴሲቤል ያህል አወርዳለሁ፣ 1600ን ሦስት እጨምራለሁ፣ ዲስቶርሽን የለም፣ ክሩን ወደ ድልድዩ ተጠግቼ እመታለሁ። ሞክሯት። በእናንተ ጊታር ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል፣ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው።

ስለ ጫጫታ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። ኢኳላይዘር ከጊታሩ የመጣውን እምታም ሽሽታም አብሮ ያጎላል። 3200ን ወይም 6400ን ብዙ ከገፋችሁ «ሽሽሽ» የሚል ነገር በዘፈኖች መሃል ይሰማል። 100ን ብትገፉ የመብራቱ እምታ ያድጋል፤ የ50 ሄርዝ እጥፍ እዚያው 100 ላይ ነውና። አዳራሹ በጄኔሬተር ሲሠራ ደግሞ ይብሳል። በአንድ አዳፕተር አምስት ፔዳል መቀጠልም ሌላ የእምታ ምንጭ ነው። እኔ መብራት በሚበላሽባቸው ምሽቶች ጂኢ-7ን በ9 ቮልት ባትሪ ነው የማስኬደው። ኤሌክትሪክ ብዙ አይበላም። የሚያስቸግረው ብንረሳው ነው፤ የጊታሩ ገመድ መግቢያው ላይ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው ያልቃል። ስትጨርሱ ገመዱን ንቀሉት። ባለ 18 ቮልቱ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም፣ አዳፕተሩን መያዝ ግድ ነው። ስትገዙ ይህንንም አስቡበት።

ያገለገለ ስትገዙ የራሳችሁን ጊታር ይዛችሁ ሂዱ። ካልቻላችሁ እዚያ ያለ የምታምኑት ሰው ይሂድላችሁ። ሁሉንም ፌደር መሃል ላይ አድርጋችሁ ፔዳሉን እያበራችሁ እያጠፋችሁ ስሙ፤ ድምፁ መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ፣ ከቀጠነ ወይም ከደከመ፣ ተዉት። ቀጥሎ አንድ ኮርድ መትታችሁ እየጮኸ ሳለ እያንዳንዱን ፌደር ከላይ እስከ ታች አንሸራቱ። «ክርርር» የሚል ካለ አቧራ ገብቶታል። ይህ ይጸዳል፣ ግን ዋጋ ማስቀነሻ ነው። አንዱ ፌደር ጨርሶ ምንም ካልለወጠ ግን አትግዙ። በመጨረሻ ሳትጫወቱ ሁሉንም ወደ ላይ ግፉና ሽሽታውን ስሙ። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አሥር ደቂቃ ባለማግኘቴ ያጣሁትን ታውቃላችሁ።

የጅማን ክረምት ለምታውቁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እርጥበቱ ፌደር ውስጥ ይገባል። ፔዳሌን በልብስ ጠቅልዬ፣ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ባጃጅ ውስጥ ስይዘው ከጉልበቴ አላወርደውም። መድረክ ላይ ጫማ ፌደሩን እንዳያንቀሳቅስ ተጠንቀቁ፤ ሲረግጡት የጫማ ጫፍ ሁለት ፌደር ይዞ ይወርዳል። እኔ ትክክለኛዋን ቦታ በነጭ ቀለም ነጥብ አድርጌባታለሁ። በጨለማም ትታየኛለች።

የእህቴን ብር በሰኔ መለስኩ። ባንዱ ውስጥም አለሁ። በኋላ ያገለገለ ጂኢ-7 አገኘሁ፤ በዚያ ጊዜ የራሴን ጊታር ይዤ፣ አሥሩን ደቂቃ ቆሜ፣ የመሰኪያውን ሥዕል አይቼ ነው የገዛሁት። አምፕ ባለበት ሥራ እሱን፣ ቀጥታ ሚክሰር በሆነበት ምሽት ባለ 10ሩን ነው የምይዘው። የሲጋራ ካርቶኗ ከሁለቱም ጋር ሳጥኑ ውስጥ አለች።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቂጦ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ተማሪ ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ ጊታሬን ግድግዳው ላይ አየ። ስልኩን አውጥቶ ሊገዛው ያሰበውን ፔዳል አሳየኝ። ባለ 10 ፌደር ነው። «ስንት ፌደር ያለው ይሻላል ጋሼ?» አለኝ። መጀመሪያ በምን እንደሚጫወት ጠየቅሁት። አላወቀም። ቅዳሜ ጊታሩን ይዞ ልምምዳችን ላይ እንዲመጣ ነገርኩት። ረጅሙ ገመድ ተዘጋጅቶለታል።